ከአንደበቴ ያልወጣ ትምህርት

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ለጋዜጣ የማይበቃ ተራ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። የስፖርት መምህር ሲባል ወደ አብዛኞቻችን ሐሳብ የሚመጣው ፊሽካ፣ ቱታና ኳስ ነው። የልጃችን የሒሳብ ውጤት ሲያሽቆለቁል ከሥራ አስፈቅደን ትምህርት ቤቱ ድረስ እንሄዳለን፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም። ሆኖም ከመምህራኑ ሁሉ የልጃችንን ገላ፣ ትንፋሹን፣ ላቡን፣ ወድቆ ሲነሣ የሚሰማውን ሐፍረት ጭምር በእጁ የሚይዘው ይኸው ሰው ነው። ለመሆኑ ይህ ሰው ስለ ደካማ ልጅ ምን ያምናል? ስለ ቅጣትስ? ሴት ልጅ ሜዳ ላይ ስትሮጥ ሲያይ በልቡ የሚለው ምንድን ነው? ያንንስ እምነቱን ከየት አመጣው? እዚህ ላይ እምነት ስል ዐቂዳን ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሰው ሳያስበው የሚሠራበትን፣ ሲጠየቅም «እንዲህ ነዋ!» ብሎ የሚያልፈውን በልቡ የተቀመጠ ፍርድ ማለቴ ነው።

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በአዋሽ ሰባት ኪሎ በአንድ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሆኜ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ። አዋሽን ለማያውቅ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በድሮው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያደገች፣ አፋሩም አርጎባውም ኦሮሞውም አማራውም በአንድ ገበያ የሚገናኝባት ከተማ ናት። በበጋው ማብቂያ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ሜዳው እንደ ምጣድ ይግላል። በዚህ ሜዳ ላይ በየዓመቱ ከኮሌጅ ለልምምድ የሚላኩ እጩ መምህራንን ተቀብዬ አማካሪ መምህር የመሆን ተራ ይደርሰኝ ነበር። ሥራዬ እጩው ሲያስተምር ተቀምጦ ማየት፣ መምከርና በመጨረሻም የግምገማ ቅጽ ሞልቶ መላክ ነው።

የዚህ ልምምድ አሳብ መልካም እንደሆነ አልክድም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው፣ ባለሙያዎቹ ቴሶ ብለው የሚጠሩት የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ለውጥ ከቁም ነገሮቹ አንዱ ያደረገው ይህንኑ ነበር። እጩው በኮሌጅ ክፍል ውስጥ ታጉሮ ከሚሸመድድ ከእውነተኛ ተማሪ ጋር እየተገናኘ ይማር ተባለ። እውነት ነው፣ ዋና በደረቅ መሬት አይለመድም። ነገር ግን እጩው ትምህርት ቤት ሲመጣ የሚያገኘው ተማሪን ብቻ አይደለም። እኔንም ያገኛል። ለአማካሪነቱ ደግሞ እኔን ያዘጋጀኝ አንድም ሰው አልነበረም፤ ፊሽካዬን እንደያዝኩ አማካሪ ሆንኩ።

በ2009 ዓ.ም.፣ አዲሱ የጅቡቲ ባቡር መስመር በተመረቀበት ዓመት ማለት ነው፣ አንድ ወጣት ተመደበልኝ። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። ከአርብቶ አደር ቤተሰብ የተወለደ፣ እግረ ቀጭን፣ ሲሮጥ መሬት የማይነካ የሚመስል ልጅ ነው። ለምን ሰውነት ማጎልመሻን እንደመረጠ ስጠይቀው ሳቀብኝ። «መምህር፣ ሌላ ምን እሆናለሁ? ከልጅነቴ ጀምሮ የሚቀድመኝ አልነበረም» አለኝ። ቀጥሎም ብርቱ አማኝ ከደካማው እንደሚበልጥና አላህ ዘንድም ይበልጥ ተወዳጅ እንደሆነ የሚናገረውን፣ በሙስሊም የተዘገበውን የታወቀ ሐዲስ ጠቀሰልኝ። እኔም ደስ አለኝ። በየሰልፉ ላይ ለተማሪዎች ስናገረው የኖርኩት ሐዲስ ነውና።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ሐዲስ እዚያ ላይ እንደማያበቃ ታውቃላችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወዲያው አስከትለው በሁለቱም ዘንድ መልካም ነገር እንዳለ ተናግረዋል። ያቺን ክፍል እጩውም አልጠቀሳትም፣ እኔም አላስታወስኩትም። በሰልፍ ላይም በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ተናግሬአት አላውቅም። ሆን ብዬ ደብቄአት አይደለም። የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም ነበር።

እንግዲህ ወደ ቀኑ ልግባ። ሚያዝያ 26 ቀን ሐሙስ ነበር፤ የሻዕባን ወር ነው፤ ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ያህል ቀርቶታል። አምስተኛው ክፍለ ጊዜ የስድስተኛ ክፍል ነበር። እጩው ያስተምራል፣ እኔ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጬ ቅጹን እሞላለሁ። ሰባ ያህል ተማሪ አለ፣ ኳሱ አንድ ነው። እጩው ተማሪውን አሰለፈ፤ የስፖርት ልብስና ጫማ ያላደረጉትን ለይቶ አወጣ፤ ስድስት ነበሩ። ሜዳውን አምስት ዙር ሩጡ አላቸው። ሮጡ። አንደኛው፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ቀጭን ልጅ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ እግሩ ይደነቃቀፍ ጀመር። እጩው ፊሽካውን ነፍቶ «ቀጥል! ቀጥል!» አለው። አራተኛውን ዙር ሳይጨርስ ከጎሉ ብረት አጠገብ በግንባሩ ተደፋ።

ያን ጊዜ እኔ በቅጹ ላይ ከ«ክፍልን የመቆጣጠር ችሎታ» ፊት ለፊት «በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ እስክሪብቶውን ገና አላነሣሁም ነበር።

ልጁን ተሸክመን ጥላ ሥር አስተኛነው። ሸሚዙን ከፍተን ውኃ አፈሰስንበት፣ በደብተር አራገብንለት። ገላው ይፋጃል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ዓይኑን ሲገልጥ ውኃ ልናጠጣው ብንል አፉን ገጠመ። እጩው በቁጣ «ጠጣ እንጂ!» ሲለው፣ ልጁ በማይሰማ ድምፅ «ፆመኛ ነኝ» አለ። ከአያቱ ጋር የሻዕባንን ሐሙስ እየጾመ ኖሯል። ጫማውን ሆን ብሎ ቤት ትቶት የመጣው ጫማ የሌለው ተማሪ ዳር ይቀመጣል ብሎ አስቦ ነው። ጾመኛ ነኝ ብሎ መናገር ደግሞ ደካማ መባል መስሎታል። ይህንን ያመነውም ከእኛ ሰምቶ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። አልሐምዱሊላህ፣ ከሰዓት በኋላ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። የሰው የውስጥ ሙቀት አርባ ዲግሪን ሲያልፍ አእምሮንና ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ሊገድልም እንደሚችል በኮሌጅ የተማርን ሰዎች ነን፤ ሁለታችንም በፈተና ጽፈነዋል።

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ እጩውን ለብቻው ይዤ ተቀመጥኩ። ተቆጥቼ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ እንዲሆኑ መደንገጉን ታውቃለህ ወይ አልኩት። ያውቃል፤ በኮሌጅ ተፈትኖበት ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። ቅጣትን ከእንቅስቃሴ ጋር ማያያዝ ልጁ እንቅስቃሴን እንዲጠላ እንደሚያደርገው ተምረሃል ወይ አልኩት። ተምሯል፤ ማስታወሻ ደብተሩ ላይም አለ። «ታዲያ ይህንን ማን አስተማረህ?» አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ። አቀርቅሮ ቆየና «እርስዎ» አለኝ።

መጀመሪያ ድፍረት መሰለኝ። ግን ልጁ ሲናገር ይፈራ ነበር፤ የሚያሳጣኝ ሰው አነጋገር አልነበረም። በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት እኔ ሳስተምር ተቀምጦ እንዲያይ ተደርጎ ነበር። በዚያ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ልብስ ያልለበሱትን አምስት ዙር ሳስሮጥ አይቷል፤ ቁጥሩን እንኳ አልለወጠውም። እኔ ይህን ማስተማሬን አላውቅም። ያስተማርኩት የመሰለኝ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ስለ ትምህርት ዕቅድ የነገርኩትን ነበር። እሱ ግን የያዘው ከአንደበቴ የወጣውን ሳይሆን ዓይኑ ያየውን ነው።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ግመል እንደጠፋ ይለዋወጣሉ፤ የሰማ ሰው ደግሞ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ዳጉን ማዛባት ነውር ነው። እጩው የዳጉ ልጅ ነው። የትምህርት ቤታችንን ዳጉ ከእኔ ተቀብሎ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለስድስተኛ ክፍል አደረሰ።

በውጭው ዓለምም ይህንን ነገር የመረመሩ አሉ። ዳን ሎርቲ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ አንድ ሰው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ 13,000 ሰዓት ያህል መምህራንን ፊት ለፊት ሲያይ እንደሚኖር ገምቷል። መምህርነት ከሌላው ሙያ የሚለየው በዚህ ነው። ሐኪም ለመሆን የሚማር ሰው የቀዶ ሕክምና ክፍልን የሚያየው ኮሌጅ ከገባ በኋላ ነው፤ መምህር ለመሆን የሚማር ሰው ግን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሲያይ የኖረውን ይዞ ይመጣል። ከመድረኩ ፊት ተቀምጦ ስላየ ግን የመምህሩን ሥራ እንጂ የመምህሩን አሳብ አላየም፤ ስሕተቱንና ጸጸቱን አላየም። ሌላው ምሁር ሃል ላውሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 በተለይ ስለ ሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ጽፏል። ወደዚህ ሙያ የሚመጡ ብዙዎች በልጅነታቸው በስፖርት የቀናቸው ናቸው፤ ሥራው ምን እንደሚጠይቅ የወሰኑትም ኮሌጅ ከመግባታቸው ብዙ ቀደም ብለው ነው። ከነሱም መካከል በልባቸው መምህር ሳይሆን የቡድን አሠልጣኝ መሆን የሚፈልጉ አሉ።

ይህ በእኛ ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚታይ ላሳያችሁ። ሰባ ተማሪና አንድ ኳስ ሲሰጠው፣ በልጅነቱ አንደኛ የነበረ እጩ ሳያስበው አሥራ አንድ ጎበዞችን ይመርጣል፤ ከነሱም ጋር ይጫወታል፤ ስልሳው ዳር ቆሞ ያያል። ክፋት የለበትም። ስፖርት ማለት ለእርሱ እንደዚህ ነበርና። እሱ ከአሥራ አንዱ አንዱ ሆኖ ነው ያደገው፤ ከስልሳው ወገን የሆነ ሰው ምን እንደሚሰማው ከማን ይማር? እኔም ከአሥራ አንዱ አንዱ ነበርኩ።

ከስልሳው ወገን የመጣ እጩ በሥራ ዘመኔ ያገኘሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ሴት ናት። ከዚህ ነገር ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከአሳይታ መጥታ እኔው ዘንድ ተመድባ ነበር። ሩጫ አትችልም፣ ኳስ አትመታም። ይህች ልጅ እንዴት እዚህ ሙያ ውስጥ ገባች ብዬ በልቤ ንቄአት እንደነበር አልደብቅም፤ መርጣ ሳይሆን ተመድባ ነው የገባችው። ሴት ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ገና ትምህርቱ ሲጀመር ከዛፉ ሥር ሄደው ሲቀመጡ እኔ «ተያቸው፣ ስፖርት አይፈልጉም» አልኳት። እሷ ግን «መምህር፣ እኔ ስምንት ዓመት ከዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው ስፖርት የተማርኩት፤ አለመፈለግ አይደለም» አለችኝ። ተነሥታ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጠየቀቻቸው። አንዷ በወንዶች ፊት መሮጥ ታፍራለች፣ አንዷ አባቷ ከልክሏታል፣ አንዷ ቀሚሷ ያደናቅፋታል፤ ከመካከላቸው አልፈልግም ያለች አንድም አልነበረችም። ትምህርቱን ወንዶቹ ክፍል በሚሆኑበት ሰዓት ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ አደረገችላቸው፤ ከቀሚስ ሥር ሱሪ እንዲለብሱ ነገረቻቸው። የከለከለውን አባት ቤቱ ድረስ ሄዳ አነጋገረችው። እዚያ ምን እንዳለችው በኋላ ስጠይቃት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር እሽቅድምድም መሮጣቸውን፣ አንድ ጊዜ እሷ፣ ሌላ ጊዜ እሳቸው መቅደማቸውን እንደነገረችው ገለጸችልኝ። አቡ ዳውድ የዘገቡት ነው። እኔ ሐዲሱን ከእሷ በፊት አውቀው ነበር፤ የማውቀውን ይዤ አንድም አባት ቤት ግን አልሄድኩም።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። ሰው እምነቱን ካየው የሚቀዳ ከሆነ፣ እጩው በምን ይጠየቃል? እኔስ ብሆን ከመምህሬ አይደለምን የቀዳሁት? የእኔም መምህር በዘመነ ደርግ በብሔራዊ ውትድርና ያለፈ፣ ሜዳውን እንደ ጦር ሠፈር የሚያይ ሰው ነበር፤ እሱም ከአሠልጣኙ ወስዶ ይሆናል። እንዲህ እያልን ወደ ኋላ ብንሄድ ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው አይገኝም። ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» በተባለው ኪታባቸው ይህንን ምክንያት አይቀበሉትም። ጠባይ የማይለወጥ ቢሆን ኖሮ ምክርና ተግሣጽ ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር ይላሉ፤ ጠባይ የሚለወጠውም ተቃራኒውን ሥራ ደጋግሞ በመሥራት መሆኑን ያስረዳሉ። እኚሁ ታላቅ ዓሊም በዚያው ኪታብ ልጅ ከትምህርቱ ሲመለስ መልካም ጨዋታ እንዲጫወት መፈቀድ እንዳለበት፣ ጨዋታ ተከልክሎ ሁልጊዜ በትምህርት ቢጨነቅ ልቡ እንደሚሞት መጻፋቸውን ስንቶቻችን እናውቅ ይሆን? ዘጠኝ መቶ ዓመት ያለፈው ነው።

በሌላ በኩል በኢስላም መጥፎ ፈለግ የጀመረ ሰው የራሱን ወንጀል፣ የተከተሉትንም ሰዎች ወንጀል ያህል፣ ከነሱ ምንም ሳይቀነስ እንደሚሸከም የተነገረውን ሐዲስ ሳስብ እንቅልፌ ይጠፋ ጀመር። ሐዲሱን እስከዚያ ድረስ የማውቀው ስለ ትልልቅ ነገሮች፣ ስለ ጣዖት አምልኮና ስለ ግፈኛ ገዢዎች የተነገረ አድርጌ ነው። አምስት ዙር ሩጫ ውስጥ ይገባል ብዬ አላሰብኩም። በየዓመቱ ሁለት ሦስት እጩ ይመጡልኛል። እያንዳንዱ በሥራ ዘመኑ ስንት ሺህ ልጅ ያስተምራል? ሒሳቡን ጀምሬ ተውኩት።

አሁን ደግሞ ቅጹ አለ። ለልጁ መውደቅ ተጠያቂ አድርጌ ዝቅተኛ ነጥብ ብሰጠው፣ የቀጣሁት ከእኔ በመማሩ ነው። ከፍተኛ ነጥብ ብሰጠው ደግሞ፣ ይህን የመሰለ ሥራ «በጣም ጥሩ» ነው ብዬ ልፈርምለት ነው። መካከለኛ ሰጥቶ መገላገልም ነበር፤ ብዙውን ጊዜ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ሦስት ቀን ዞርኩ።

በዚህ መካከል ወደ ልጁ ቤት ለመሄድ ወሰንኩ። እጩውን ና አላልኩትም፤ ራሱ ተከተለኝ። ሰኞ ነበር፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል። አያትየው በቆርቆሮ ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ተምር ሲያዘጋጁ አገኘናቸው፤ የወሎ ሴት ናቸው። እጃቸውን ስመን ይቅርታ ጠየቅን። «ልጁ ዛሬም ጾሞ ነው?» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የጾምኩት፤ እሱን ከልክዬዋለሁ» አሉ። ከዚያም ረጅም ጊዜ ዝም ብለው እጩውን ሲያዩት ቆዩና «አንተ የነዚህ የግመል ሰዎች ልጅ አይደለህም እንዴ? ፍየል ጠብቀህ አታውቅም?» አሉት። «ጠብቄአለሁ እማማ» አላቸው። «በዚያ ሰዓት ፍየሉን ትነዳው ነበር ወይስ ጥላ ታሳርፈው ነበር?» አሉት። መልስ አልሰጠም። አዛን ተባለ። ተምር ሰጡን፣ በላን።

ስንመለስ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በኩል ስንሄድ እጩው በራሱ ጊዜ መናገር ጀመረ። ስድስት ዓመቱ ላይ ግልገል ይጠብቅ እንደነበር፣ በቀትር መንጋ ያንቀሳቀሰ እረኛ በአባቱ እንደሚወቀስ፣ የደከመችውን ፍየል ለይቶ ማወቅና መንጋውን በእሷ እርምጃ ልክ መንዳት የመጀመሪያው የእረኝነት ትምህርት እንደሆነ ነገረኝ። «ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅህ?» አልኩት። «መምህር፣ ያ የቤት ነው። ትምህርት ቤት ስገባ የቤቱን በር ላይ ትቼ ነው የገባሁት። አማርኛ የማይችል፣ ባዶ እግሩን የመጣ እየተባለ ሲሳቅብኝ፣ መሳቁን ያቆሙት ስቀድማቸው ነው» አለኝ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ስለ እጩ መምህራን የማስበው ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ እጩ ማለት ባዶ ዕቃ፣ ወይም የተበላሸ ልማድ የተሞላና የሚደፋ ዕቃ ይመስለኝ ነበር። ይህ ልጅ ግን ስለ ደካማ አያያዝ እኔም ኮሌጁም ልናስተምረው ከምንችለው የበለጠ ያውቅ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ነው ያንን በር ላይ ያስቀመጠበት። አፋሮች ከቆዳ በሠሯት ትንሽ ኳስ የሚጫወቱት ኮእሶ የሚባል ጨዋታ አላቸው፤ እጩው ጎበዝ ተጫዋች ነበር። በልምምዱ ወቅት አንድ ቀን እንኳ ለተማሪዎቹ ላሳያቸው አላለም። ለምን ስለው «እሱ ስፖርት ነው እንዴ?» ብሎ ደነገጠ። ስፖርት ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ የወሰነለት ማን ነው?

በቅጹ ላይ የጻፍኩትን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም.፣ ለግል ጉዳይ ወደ ክልሉ ትምህርት ቢሮ ወደ ሰመራ ሄድኩ። ከአዋሽ ሰመራ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ገዋኔንና ሚሌን አልፎ፣ ከጅቡቲ የሚመለሱትን ከባድ መኪኖች እየተጋፉ ይኬዳል። ሰመራ እንደ አዋሽ ባቡር ያበቀላት ከተማ አይደለችም፤ ዋና ከተማነቱን ከአሳይታ እንድትረከብ በሜዳ ላይ የተቆረቆረች አዲስ ከተማ ናት፤ ሙቀቷ ከአዋሽም ይብሳል። እጩዬ በዚያው አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት መምህር መሆኑን ሰምቼ ስለነበር ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ሄድኩ። ከሰልፉ በፊት ሜዳ ላይ አገኘሁት። ትምህርቱን ሁሉ ከሦስት ሰዓት በፊት እንዲሆንለት ከዳይሬክተሩ ጋር አንድ ዓመት ሙሉ እንደተከራከረ ነገረኝ። ልጆቹ በአምስት ቡድን ተከፍለው ይጫወታሉ፤ አንደኛው ቡድን ኮእሶ ነበር። ዳር የቆመ ልጅ ፈለግኩ፤ ሁለት ብቻ ነበሩ፣ እነሱም ነጥብ ይቆጥራሉ።

ግን በግራ እጁ አንድ ክንድ የሚሆን ጥቁር የውኃ ጎማ ይዟል።

ዓይኔን አይቶ ገባው። ሳቅ ብሎ «አልመታበትም መምህር፣ ወላሂ» አለኝ። በትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኃላፊው እሱ ነው። የስፖርት መምህር አይደለም እንዴ? ያረፈደ ወደ እሱ ይላካል፤ የተጣላ ወደ እሱ ይላካል፤ ሌሎች መምህራን ክፍል ያስቸገራቸውን «ለስፖርት መምህሩ እነግርልሃለሁ» እያሉ ያስፈራራሉ። የመጀመሪያው ዓመት ባዶ እጁን ይቆም ነበር። ሥራ የማይወድ ተባለ፤ የዓመቱ ግምገማ ላይ ተነሣበት። አሁን ጎማውን ይይዛል፣ ሁሉም ሰላም ነው። ዛይክነርና ታባክኒክ የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1981 የኮሌጅ ትምህርት በትምህርት ቤት ኑሮ ታጥቦ ይጠፋል ወይ ብለው የጠየቁት ጥያቄ አለ። የዚህ ሰው የተማረው አልታጠበም፤ ሜዳው ይመሰክራል። ጎማውን ግን ይዟል። በእሱ ቦታ ብሆን ኖሮ አልይዝም ነበር ብዬ ለመናገር አልደፈርኩም።

ሰልፍ ሊደወል ሲል «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ስፈራ ነው የኖርኩት፤ ያን ጊዜ ቅጹ ላይ ምን ብለው ጻፉ?» አለኝ። ነገርኩት። ክፍልን ስለ መቆጣጠር የሰጠሁትን «በጣም ጥሩ» ሰርዤ «ዝቅተኛ» ማድረጌን፣ በጀርባው ላይ ግን ልጁ የወደቀበትን ቅጣት እጩው ያየው ከእኔ እንደሆነ፣ የሚገመገም ካለ አብሬ ልገመገም እንደሚገባኝ ጽፌ መፈረሜን ነገርኩት። ከኮሌጁም ከሌላም ማንም ስለ ጽሑፉ ጠይቆኝ አያውቅም። ምናልባት የቅጹን ጀርባ የሚያነብ ሰው የለም ይሆናል።

ዝም ብሎ ቆየ። ሊናደድብኝም ይችላል ብዬ ነበር፤ ያ ነጥብ ከውጤቱ ላይ ቀንሶበታልና። «እኔም እኮ አሁን አማካሪ ሆኛለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «ሁለት እጩዎች ተመድበውልኛል። ሰኞ ይገባሉ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጭ ብለው እኔን ነው የሚያዩት።»

ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹ ወደ ሰልፉ ይሮጡ ጀመር። እሱ ጎማውን ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረና፣ እንደገና ወደ ግራ መለሰው።